ያዘዝኩት ዝርግ መስታወት በሌላ ስለመተካቱ የቀረበ ቅሬታ

ቀን፦ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለመስታወትና እምነበረድ መሸጫና መቁረጫ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ
ኮምቦልቻ

ጉዳዩ፦ በተራ 10 ሚሊ መስታወት ምትክ የተላከልኝ ቴምፐርድ መስታወት እንዲቀየርልኝ ስለመጠየቅ

ባለፈው ጥቅምት ወር ከድርጅታችሁ ርዝመቱ 80፣ ወርዱ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 10 ሚሊ የሆነ ተራ ክሊር መስታወት አዝዤ ሙሉ ክፍያውን ፈጽሜአለሁ። ደረሰኙም የሚለው ይህንኑ ነው። ደሴ ቤቴ ድረስ የመጣልኝ ግን ቴምፐርድ፣ ማለትም በሙቀት እንዲጠነክር የተደረገ መስታወት ሆኖ አገኘሁት። ስልክ ስደውል ሠራተኛችሁ «ይኸኛው እንዲያውም ይሻልዎታል፤ በቀላሉ አይሰበርም» ብሎ መለሰልኝ። ለበር ወይም ለሻወር ቤት ለሚፈልግ ሰው ይሻል ይሆናል። እኔ ግን መስታወቱን የፈለግኩት ለጥንካሬው ሳይሆን ለዝርግነቱ ነው። ይህንንም ሳዝዝ በግልጽ ተናግሬአለሁ።

ምን እንደምሠራበት በድጋሚ ልግለጽ። ከሥራ ሰዓት ውጭ የሲሊኮን ሞልድ (ጌጥ የሚቀዳበት ቅርጽ ማውጫ) እሠራለሁ፤ በሞልዱም የጄሶ ጌጥና ሻማ አወጣለሁ። ለገበያ አይደለም፤ ለዘመድና ለጎረቤት ነው። አብዝቼ የምሠራው በላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ ጣሪያ ላይ ያለውን፣ አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀረጸውን መስቀል ነው። ኢድ ሲደርስ ደግሞ ለጎረቤቶቼ ጨረቃና ኮከብ አወጣለሁ። ሁሉም ጀርባቸው ዝርግ ሆኖ ግድግዳ ላይ የሚለጠፉ ናቸው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ዋናው ቅርጽ በጀርባው የሥራ ገበታው ላይ፣ ማለትም መስታወቱ ላይ ይጣበቃል፤ ዙሪያው በጣውላ ይታጠራል፤ የጣውላው ስር በጭቃ ይደፈናል፤ ከዚያ ፈሳሹ ሲሊኮን ከላይ ይፈስሳል። ሲሊኮኑ ረግቶ ሲላቀቅ የሞልዱ አፍ የገበታውን ገጽ እንዳለ ይዞ ይወጣል። ሲሊኮን የጣት አሻራ ሳይቀር የሚቀዳ ነገር ነው። ገበታው ከጎበጠ የሞልዱ አፍ ይጎብጣል፤ የሞልዱ አፍ ከጎበጠም ከዚያ የሚወጣው ጌጥ ሁሉ ጀርባው ጎባጣ ይሆናል። አንድ ሞልድ ደግሞ ለብዙ ጊዜ የሚያገለግል ስለሆነ ስህተቱ አብሮ ይባዛል።

መስታወት የመረጥኩት እንዲሁ በዘፈቀደ አይደለም። ቀድሞ የነበረኝ ገበታ ፎርማይካ የተለበጠ ቺፑድ ነበር። የደሴን ክረምት የሚያውቅ ሰው መጨረሻውን መገመት አያቅተውም። ጉሙና እርጥበቱ ሳያንስ ጄሶ ስበጠብጥ የሚፈስሰው ውሃ በጠርዙ እየገባ ቺፑዱ አበጠ፤ መሃሉ ጎብጦ ቀረ። እምነበረድ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ቀዳዳው በዓይን ባይታይም ቀለምና ዘይት ይመጥጣል፤ በሎሚ ወይም በኮምጣጤ ሲጸዳም ገጹ ይበላል፤ ልሙጥነቱም አብሮ ይሄዳል። ላሜራ ቶሎ ይሰረጉዳል፤ ጄሶ በሚሠራበት ቤት ደግሞ መዛጉ አይቀርም። ሴራሚክ ንጣፍ ላዩ ልሙጥ ቢሆንም ብዙውን ጊዜ ከመሃሉ በጥቂቱ ጎበጥ ያለ ነው። በሚገባ የተወለወለ ግራናይት ለዚህ ሥራ ከመስታወት አያንስም፤ ይህን ሳልሸሽግ እናገራለሁ። ሆኖም 2 ሳንቲ ውፍረት ያለው፣ በዚህ ስፋት የተቆረጠ ግራናይት 26 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ባለ 10 ሚሊው መስታወት ግን 12 ኪሎ ነው። የምሠራው በአንዲት ክፍል ውስጥ ስለሆነ ሥራው ሲያልቅ ገበታው ተነስቶ ግድግዳ ጥግ መቆም አለበት። ስለዚህ መስታወት ሆነ።

ተራ መስታወት ለምን ዝርግ እንደሚሆን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ያም ሆኖ ስልኩን ያነሳው ሠራተኛችሁ «መስታወት ያው መስታወት ነው» ስላለኝ ለመጻፍ ተገድጃለሁ። ፒልኪንግተን የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በ1959 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረገው ዘዴ፣ የቀለጠው መስታወት ቲን በሚባል የቀለጠ ብረት ላይ እንዲንሳፈፍ ይደረጋል። ፈሳሽ በፈሳሽ ላይ ሲተኛ ራሱን በራሱ ያስተካክላል፤ መስታወቱም እዚያው ላይ እንደተዘረጋ ቀስ እያለ ይቀዘቅዛል። ያለ ምንም መሞረድ ሁለቱም ገጹ ዝርግና ልሙጥ ሆኖ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ቴምፐርድ የሚባለው ደግሞ ይኸው መስታወት ተመልሶ ምድጃ የገባ ነው። ከ600 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ይለሰልሳል፤ በዚያ ሁኔታ ላይ እያለ በሚሽከረከሩ ዘንጎች ላይ ይመላለሳል፤ ከዚያ በቀዝቃዛ አየር በድንገት ይመታል። ጥንካሬውን የሚያገኘው ከዚህ ነው፤ ዝርግነቱን የሚያጣውም በዚሁ ነው። በዘንጎቹ መካከል በጥቂቱ ስለሚረግብ ገጹ ሞገድ ይይዛል፤ ሁለቱ ፊቶቹ እኩል ካልቀዘቀዙም ይጎብጣል። የአውሮፓ ደረጃ እንኳ ለቴምፐርድ መስታወት በአንድ ሜትር እስከ 3 ሚሊ መጉበጥን ይፈቅዳል። ስለዚህ የላካችሁልኝ መስታወት በዓይነቱ ብልሽት አለበት አላልኩም። ለበር የተሠራ መስታወት ለሞልድ ገበታ ተብሎ ተሸጠልኝ ነው የምለው።

መጉበጡን እንዴት እንዳወቅሁም ላስረዳ። በአንዱ ማዕዘን ላይ የቴምፐርድ ማኅተም አለ፤ ይህ ብቻውን በቂ ነበር። ያም ሆኖ የብረት ማስመሪያ በጠርዙ አቁሜ ከበስተኋላው የስልክ መብራት አበራሁበት። በማስመሪያውና በመስታወቱ መካከል ብርሃኑ እዚህም እዚያም እየተቆራረጠ ያልፋል። መሃል ላይ ደግሞ ሦስት ተራ የማተሚያ ወረቀት ተደራርቦ ይገባል፤ አንዱ ወረቀት 0.1 ሚሊ ገደማ መሆኑን አስቡት። ማስመሪያው እንዳይሆን ብዬ በቁም ሳጥኔ መስታወት ላይ ሞከርኩት፤ ብርሃን የሚባል አላለፈም። ጠረጴዛው እንዳይሆን ብዬም የላካችሁልኝን መስታወት አዞርኩት፣ ገለበጥኩት፤ ጉብጠቱ ከመስታወቱ ጋር አብሮ ዞረ። የመስኮቱ ፍርግርግ ነጸብራቅም መስታወቱ ላይ ቀጥ ብሎ አይታይም፤ እየተጥመለመለ ይሄዳል።

ሠራተኛችሁ «ውሃ ልክ አድርገው በወረቀት ያስተካክሉት» ብሎኛል። ውሃ ልክ ገበታው ወደ አንድ ወገን ማዘንበሉን ይናገራል እንጂ መጉበጡን አይናገርም። ያዘነበለ ገበታ እግሩ ስር ወረቀት ተደርጎ ይቃናል፤ የጎበጠ ግን በምንም አይቃናም።

ከዚህም በላይ ያሳሰበኝ ቀጥሎ ያለኝ ነው። «ያምጡትና ዝርጉን ቦታ መርጠን ቆርጠን እንሰጥዎታለን» አለኝ። ቴምፐርድ መስታወት አይቆረጥም። ላዩ ተጨምቆ ውስጡ ተወጥሮ ስለሚኖር መቁረጫው ሰንጥቆት ወደ ውስጥ እንደገባ ሙሉው በአንዴ ይፈረካከሳል። ይህን ያለኝ ቆራጩ ሳይሆን ስልክ ላይ የተቀመጠው ልጅ እንደሆነ እገምታለሁ። ቢሆንም አንድ ቀን ይህን ምክር ሰምቶ ቤቱ ውስጥ ራሱ ለመቁረጥ የሚሞክር ደንበኛ ይኖራል፤ ዓይኑን ሊያጣ ይችላል። እባካችሁ ሠራተኞቻችሁን ይህንን አስተምሯቸው።

ቴምፐርድ ሙቀት ይችላል የሚለውም ክርክር ተነስቶብኛል። እውነት ነው፤ ተራ መስታወት አንዱ ወገኑ ከሌላው 40 ዲግሪ ያህል ቢበልጥ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ቴምፐርድ ግን 200 ዲግሪ ገደማ ልዩነት ይቋቋማል። የሻማ ሰም በቀጥታ መስታወቱ ላይ የማፈስስ ቢሆን ኖሮ ምክራችሁን በደስታ እቀበል ነበር። እኔ ሰሙን የማፈስሰው በሲሊኮን ሞልድ ውስጥ ነው፤ ሞልዱ ወፍራም ስለሆነ ለመስታወቱ የሚተርፍ ሙቀት እምብዛም የለም። ጄሶም ሲረጋ የሚያወጣው ሙቀት ለብ ያለ ነው። ሳዝዝ ይህንን የጠየቀኝ ሰው ቢኖር ኖሮ በሁለት ቃል እመልስለት ነበር። የጠየቀኝ ግን የለም።

የደረሰብኝ ጉዳት መስታወቱ ብቻ አይደለም። መጀመሪያ ስሠራበት እንደወትሮዬ ሲሊኮኑ መስታወቱን እንዳይዝብኝ በስሱ ቫዝሊን ቀባሁ፣ ጣውላውን አጠርኩ፣ ስሩን ደፈንኩ። ጣውላው ቀጥ ያለ፣ መስታወቱ ሞገደኛ ስለሆነ በሁለቱ መካከል ክፍተት ነበር። ሲሊኮን ደግሞ ቀስ ብሎ የሚሄድ ነገር ቢሆንም ክፍተት ካገኘ አይመለስም። ማታ አፍስሼው ያደርኩት ጠዋት ግማሹ በጣውላው ስር ሾልኮ ገበታው ላይ ተንጣሎ ረግቶ አገኘሁት። የረጋ ሲሊኮን ተመልሶ አይቀልጥም፤ ከአዲስ አበባ አስመጥቼ የገዛሁት እንዲሁ ባከነ። ሁለተኛው ሳይፈስስ ቢረጋም የወጣው መስቀል ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ከአንድ ጥጉ ይነሳል። ለእህቴ የቤት ምርቃት የታሰበ ነበር።

የ1952 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2287 ሻጭ የሸጠው ነገር ውሉን የሚያሟላና ጉድለት የሌለበት እንዲሆን ኃላፊነት ይጥልበታል። በእኛ መካከል ያለው ውል ደረሰኙ ነው፤ ደረሰኙ ተራ መስታወት ይላል፤ የመጣው ተራ መስታወት አይደለም። ክርክሩ ከዚህ የራቀ አይመስለኝም።

ስለዚህ የምጠይቀው፣ በዚያው ልክ የተቆረጠ ተራ 10 ሚሊ መስታወት እንድትልኩልኝና የላካችሁትን እንድትወስዱ ነው። ጠርዙ ተፈጭቶ ይለስልስ፤ ተራ መስታወት ጠርዙ እጅ ይቆርጣል። አንዱ ፊቱ ምንም ጭረት የሌለበት ይሁን፤ ከሌላ መስታወት ጋር ሲጫን በመካከሉ ወረቀት ይግባበት። ከመጫኑ በፊትም እኔ እንዳደረግሁት በብረት ማስመሪያና በመብራት አይታችሁ ላኩት፤ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ከኮምቦልቻ ደሴ ያለውን የመመላለሻ የመኪና ሒሳብ ድርጅቱ ይሸፍን። የባከነውን ሲሊኮን ዋጋ በሚመለከት የግዢ ደረሰኙን አያይዤአለሁ፤ ቢያንስ ግማሹን እንድትተኩልኝ እጠይቃለሁ። ተራ 10 ሚሊ መስታወት አሁን በእጃችሁ ከሌለ ደግሞ ገንዘቤ ይመለስልኝ፤ ከሌላ ቦታ እፈልጋለሁ። በምትኩ 6 ሚሊ እንዳትልኩ፤ ቀጭኑ ጠረጴዛው ላይ እኩል ካልተደገፈ በራሱ ክብደት ይረግባል።

ይህ ደብዳቤ ከደረሳችሁ ቀን ጀምሮ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ ወይም በስልክ መልስ እንድትሰጡኝ እጠይቃለሁ። መልስ ካላገኘሁ ቅሬታዬን ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት አቀርባለሁ። ነገሩ እዚያ ሳይደርስ በመካከላችን ቢያልቅ እመርጣለሁ፤ ለመስኮቴም ለቁም ሳጥኔም መስታወት የገዛሁት ከእናንተ ነው፤ ሁለቱም እስከ ዛሬ ምንም አላሉም።

መስታወቱ ከተላከበት ካርቶን ጋር ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላና እሑድ ሙሉ ቀን ቤት ስለምገኝ በእነዚህ ቀናት መጥታችሁ ልትወስዱት ትችላላችሁ።

ከሠላምታ ጋር
ፊርማ
ደሴ

አባሪ፦ የመስታወቱ የግዢ ደረሰኝ ቅጂ፣ የሲሊኮኑ የግዢ ደረሰኝ ቅጂ፣ የማኅተሙና በማስመሪያው ስር የሚያልፈው ብርሃን ፎቶግራፍ