የመዘናችሁት ስኪውን ነው ወይስ ስለቱን?

ይድረስ ለዋና አዘጋጁ

ጤና ይስጥልኝ። በስፖርት አምዳችሁ ለመካከለኛና ለከፍተኛ ደረጃ ተንሸራታቾች ይሆናሉ ያላችኋቸውን፣ በተለምዶ ኦል ማውንቴን (ለሁሉም ዓይነት በረዶ) የሚባሉትን የበረዶ መንሸራተቻ ስኪዎች በኮከብ ብዛት ደርድራችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ርዕሱን ማንሳታችሁ ደግ ነው። ነገር ግን መዛኙ ስንት ኪሎ እንደሆነ፣ የትኛውን ርዝመት በምን ዓይነት በረዶ ላይ እንደነዳ፣ ስለቱም፣ ማለትም የስኪው የብረት ጠርዝ፣ እንዴት እንደተሳለ አንድም ቦታ አልተጻፈም። እነዚህ በሌሉበት ኮከቡ ለአንባቢ የሚነግረው ነገር የለም።

አስቀድሜ አንድ ስህተት ላርም። «ቲታኒየም የተነጠፈበት» ያላችሁት ስኪ ውስጥ ያለው ቲታናል ነው፤ ቲታናል ደግሞ አሉሚኒየም ከዚንክ፣ ከማግኒዚየምና ከመዳብ ጋር የተቀየጠበት ነው። ስሙ ያሳስታል፤ ሻጮችም ለማረም አይቸኩሉም። ከስኪው መሐል እንጨት በላይና በታች ሲነጠፍ ስኪው በፍጥነት ሲሄድ አይርገፈገፍም፣ ሲያጋድልም አይጠመዘዝም። ዋጋው ክብደት ነው። ከ177 እስከ 180 ሳንቲ ሜትር የሚረዝሙ የዚህ ዓይነት ስኪዎች አንዱ እግር ብዙውን ጊዜ ከ1.7 እስከ 2.2 ኪሎ ይመዝናል፤ ሁለት ሙሉ ንጣፍ ያላቸው ወደ ከባዱ ጫፍ ይጠጋሉ። 90 ኪሎ የሚመዝን ሰው «የተረጋጋ ነው» ብሎ የሚያመሰግነውን ስኪ 58 ኪሎ የሆነች ጎበዝ ተንሸራታች «እንጨት ነው፣ አይታጠፍም» ብትለው ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ወደ ስፋቱ ልምጣ። ጫማው የሚያርፍበት ቀጭኑ ክፍል፣ ማለትም ወገቡ፣ በእነዚህ ስኪዎች በአብዛኛው ከ80 እስከ 100 ሚሊ ሜትር ነው። እንደ ብሊዛርድ ብራህማ 88 ወይም ኖርዲካ ኤንፎርሰር 100 ባሉት ስም ላይ ያለው ቁጥርም ይኸው ነው። ጽሑፋችሁ ሰፊውን «ሁሉን ቻይ» ብሎታል። አይደለም። ወገቡ 78 ሚሊ ሜትር በሆነ ስኪ ላይ ስለቱ ከጫማው መሐል መስመር 39 ሚሊ ሜትር ይርቃል፤ 96 በሆነው ላይ 48። ይህች 9 ሚሊ ሜትር በጠጠረ በረዶ ላይ ቁርጭምጭሚትና ጉልበት የሚሸከሙትን ጫና ታከብዳለች፤ ከአንዱ ስለት ወደ ሌላው መሻገሩንም ታዘገያለች። ሰፊው የሚክሰው በለስላሳና በጥልቅ በረዶ ላይ ሳይሰምጥ በመንሳፈፉ ነው። እንግዲህ አብዛኛውን ቀኑን በማሽን በተደለደለ መውረጃ ላይ የሚያሳልፍ መካከለኛ ተንሸራታች ከ80 እስከ 88 ይበቃዋል። ከ90 በላይ መሄድ የሚያዋጣው ከመንገዱ ወጥቶ ላልተነካ በረዶ ነው።

የመታጠፊያ ራዲየስም፣ ማለትም ስኪው ሲያጋድል የሚሠራው ጥምዝ ስፋት፣ እንዲሁ ያለ ርዝመት አይነገርም። 14 ወይም 15 ሜትር የሆነው ቶሎ ይታጠፋል፤ 18ና ከዚያ በላይ የሆነው ፍጥነትና ሰፊ ጥምዝ ይፈልጋል። ነገር ግን ያው ሞዴል በርዝመቱ ሲጨምር ራዲየሱም ይጨምራል፤ ስለዚህ አንዱን ቁጥር ለሁሉም መጻፍ ስህተት ነው። ርዝመትን በቁመት ብቻ መምረጥም አይበጅም። ለመካከለኛ ከአገጭ እስከ አፍንጫ፣ ለከፍተኛ ከግንባር እስከ አናት የሚባለው መነሻ ብቻ ነው፤ ክብደት ያሻሽለዋል። ጫፉ ቀደም ብሎ ወደ ላይ የሚነሳ፣ ሮከር ያለው ስኪ ደግሞ በጠንካራ በረዶ ላይ የሚነክሰው ስለት አጭር ስለሆነ፣ ከለመዱት በጥቂት ሳንቲ ሜትር ቢረዝም አይከብድም።

አሁን ዋናው ጉዳይ። ለሙከራ የሚሰጡ ስኪዎች ከእጅ እጅ ሲዞሩ ይውላሉ፤ ስለታቸውና ሆዳቸው (በረዶውን የሚነካው የታች ገጻቸው) እንደ አዲስ አይቆይም። ሳይፈተሽ የተነዳ ስኪ የሚያስመዝነው የጥገና ክፍሉን ሥራ ነው። ፍተሻው አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በስኪው ሆድ ላይ አግድም አቁሞ ብርሃን ወዳለበት ማየት ነው። ብርሃን በመሐል ከሾለከ ሆዱ ጎድጉዷል፣ ስለቶቹ ከፍ ብለዋል፤ እንዲህ ያለው ስኪ ሐዲድ እንደያዘ ባቡር ነው፣ ጥምዙን አንዴ ከጀመረ አይለቅም። በሁለቱ ጠርዞች ከሾለከ ደግሞ ሆዱ አብጧል፤ ስኪው ይዋልላል፣ ስለቱም የሚይዘው ዘግይቶ ነው። ቀጥሎ ጥፍርን በስለቱ ላይ አግድም በስሱ መሳብ፦ ነጭ ፍቅፋቂ ካስቀረ ስሏል፣ ከተንሸራተተ ዶልዱሟል። ከጫፍ እስከ ጅራት ሦስት አራት ቦታ ይሞከር፤ ከጫማው ሥር ያለው ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይዶለዱማል።

ስለቱ የተሳለበት ማዕዘን በዓይን አይታይም፣ መጠየቅ ግን ይቻላል። ለዚህ ዓይነት ስኪ የተለመደው ከሆዱ በኩል 1 ዲግሪ፣ ከጎን 2 ዲግሪ ነው። ከጎን ያለው በሞረድ በቀላሉ ይስተካከላል። ከሆዱ በኩል ያለው በተደጋጋሚ ተሞርዶ 2 ዲግሪ ከደረሰ ግን ስኪው ብዙ ካላጋደሉት አይነክስም፤ ለማስተካከል ሆዱ በማሽን እንደገና መፋቅ አለበት። «በጠጣር በረዶ ላይ ደካማ» የተባለ ስኪ ሁሉ ጥፋቱ የራሱ ላይሆን ይችላል። ሰምም ያሳስታል፦ ሲንተርድ የሚባለው ሆድ ሰም ጠጪ ነው፣ ሲጠጣ ይፈጥናል፣ ሲደርቅ ግን በስለቱ አቅራቢያ ነጣ ይልና ይጎተታል። አንዱ ሰም ተቀብቶ ሌላው ደርቆ ሳለ «ይህኛው ፈጣን ነው» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ከዚያ ወዲያ ቅደም ተከተሉ ነው። በረዶው ጠዋት ይጠጥራል፣ ከሰዓት ይላላል፤ ስለዚህ መጨረሻ የተሞከረው ስኪ ያለ ሥራው ገርና ታዛዥ ይመስላል። መድኃኒቱ በአንድ መውረጃ፣ በአንድ ጫማ፣ መጀመሪያውን ስኪ፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን፣ ከዚያ እንደገና መጀመሪያውን መንዳት ነው። ሦስተኛው ዙር የመጀመሪያውን ፍርድ ካልደገመ የተለወጠው በረዶው ነው። ጫማውን ከስኪው ጋር የሚያያይዘው የሙከራ ማሰሪያ በሐዲድ ላይ ስለሚንሸራተት ጫማው የሚቆምበትን ነጥብ አንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ማዛባትም ቀላል ነው፤ የጫማው መሐል ምልክት ከስኪው ምልክት ጋር መግጠሙ ይታይ። መካከለኛው ተንሸራታች ስኪውን ሲሳሳት ይመዝነው፦ ወደ ኋላ ሲቀመጥ ጅራቱ ይለቀዋል ወይስ ይዞት ይሄዳል? ከፍተኛው ደግሞ በተቆራረሰ በረዶ ላይ ፍጥነቱን ሲጨምር ጫፉ መቼ መርገብገብ እንደሚጀምር ያስተውል።

ስለ ማሰሪያው ጽሑፋችሁ ዝም ብሏል፤ እኔ ባጭሩ ልበል። ዲን የሚባለው፣ ማሰሪያው በምን ያህል ኃይል ጫማውን እንደሚለቅ የሚወስነው ቁጥር፣ በዓለም አቀፉ ደረጃ አይሶ 11088 መሠረት በክብደት፣ በቁመት፣ በዕድሜ፣ በጫማው ሶል ርዝመትና በአነዳድ ምድብ ይሰላል። ዕድሜው 50 የሞላው ሰው በሠንጠረዡ ቁጥሩ ወደሚያንስበት ረድፍ አንድ ደረጃ ይሻገራል። ለኩራት ብሎ ራስን ከሚገባው ምድብ በላይ ማስመዝገብ ማሰሪያው በሚወድቁበት ጊዜ እንዳይፈታ ማድረግ ነው። ግሪፕዎክ የሚባለውን፣ ለመራመድ እንዲመች የተሠራ ሶል ያለውን ጫማ ሁሉም አሮጌ ማሰሪያ አይቀበለውም። ለ96 ወገብ 100 ወይም 110 ሚሊ ሜትር ፍሬን (ጫማው ሲፈታ ስኪውን የሚያቆመው የማሰሪያው ክፍል) ይመረጣል፤ ጠባቡ አይወርድም፣ እጅግ ሰፊው ሲያጋድሉ በረዶውን ይጎትታል።

በሚቀጥለው ሠንጠረዣችሁ የመዛኙ ክብደት፣ የተነዳው ርዝመት፣ የበረዶው ዓይነትና ሰዓቱ፣ የስለቱ ማዕዘን፣ የማሰሪያው ዓይነት ይግቡበት። ቦታ ከጠበበ የኮከቡን አምድ አውጡት።

ከአክብሮት ጋር
የስፖርት አምዳችሁ አንባቢ