ሌሊት ቫን አትንጂ

የኔ ልጅ፣

ወንድምሽ ትናንት ደውሎ ነገረኝ። «ለአባባ እንዳትነግር» ብለሽው እንደነበረም ነግሮኛል። እሱን አትቆጪው። ቅዳሜ የምታሰለጥኛቸውን የኮሌጁን ሯጮች ይዘሽ ከውድድር ስትመለሱ መሪው ላይ እንቅልፍ ሸለብ አድርጎሻል። ጎማው የመንገዱ ዳር ላይ ወጥቶ ሲንጓጓ ነው የነቃሽው። ከኋላሽ ዘጠኝ ልጆች ተኝተው ነበር። እግዚአብሔር አተረፋችሁ። ለእናትሽ አልነገርኳትም፤ አልነግራትምም። ግን ከዛሬ ጀምሮ ሌሊት ቫን አትንጂ።

ድካምሽ ጠፍቶኝ አይደለም። አገር አቋራጩ በኖቬምበር ያልቃል፤ የቤት ውስጡ ሩጫ ይተካል፤ እሱ በማርች ሲያበቃ የትራኩ እስከ ሜይ ይዘልቃል። ሰመር ላይ ደግሞ ሯጭ ፍለጋ ትዞሪያለሽ። ይሄ ሁሉ በአንድ ደሞዝ። ኮሌጃችሁ ያለበት ዲቪዥን ስሪ፣ የአሜሪካ ኮሌጅ ስፖርት ሦስተኛው ምድብ፣ ለስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጥም። ልጆችሽ የሚሮጡት ወደው ነው። እንዲህ ላለ ልጅ መድከም ምን ያህል ደስ እንደሚል አውቃለሁ። «ነርሲንግ ተማሪ» እያልኩ ስጨቀጭቅሽ የኖርኩትን ይቅር በይኝ።

እኔም እኮ ሦስት ስፖርት ይዤ ነበር። ስንታየሁ እሸቱ በቆጂ ላይ የአንደኛ ደረጃ ስፖርት አስተማሪ ሆኖ ደራርቱን አሰለጠነ። እሷ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ስታገኝ እኔ ጀማሪ አስተማሪ ነበርኩ። «ለካ አስተማሪም ይችላል» አልኩ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለኝም። ኮሌጃችን ውስጥ እግር ኳሱም፣ መረብ ኳሱም፣ ሩጫውም የኔ ሆነ። ጠዋት ሜዳውን በኖራ የማሰምረው እኔ፣ የተቀደደውን መረብ የምሰፋው እኔ።

የኢሱዙውን ነገር ታውቂያለሽ። ሙሉውን ግን ነግሬሽ አላውቅም። ዋንጫ ይዘን ስንመለስ ሾፌሩ «መምህር፣ ደክሞኛል፣ እዚሁ እንደር» አለኝ። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። ዋንጫውን ጠዋት ተማሪው ፊት ለዲኑ ለማስረከብ ቸኩዬ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ አንድ ኩርባ ላይ ተገለበጥን። ስነቃ አፌ ውስጥ ኖራ ነበር። ለሜዳ ማስመሪያ ይዘነው የሄድነው ከረጢት ተቀዶ ሁላችንም ላይ ፈሷል። በጨለማው ነጭ ሆነን በየስማችን እንጠራራለን። ኳስ አቀባያችን ብቻ አቤት አላለችም። ቀኝ እጇ ከመኪናው ስር ነበር።

ዛሬ አስተማሪ ናት። ሰሌዳ ላይ በግራ እጇ ነው የምትጽፈው። ልጠይቃት ቤታቸው ስሄድ እናቷ አልወቀሱኝም። ቡና አፍልተው «ጠጣ ልጄ» አሉኝ። ሲኒውን ማንሳት አቃተኝ።

አሁን ገባሽ? ሌሊት ቫን አትንጂ።

የ94ን አውራ ጎዳና ይዘን ስንሄድ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ላይ ያሳየሁሽን ሰው፣ አሰልጣኙን ጆን ጋግሊያርዲን አስታውሺ። ሴንት ጆንስ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1953 ገባ፤ እስከ 2012 እዚያው ቆየ። መጀመሪያ ላይ ሆኪውንም ደርቦ ያሰለጥን ነበር። በኮሌጅ የአሜሪካ ፉትቦል 489 ጊዜ አሸነፈ፤ ከዚያ በላይ ያሸነፈ የለም። ፊሽካ አይነፋም ነበር፤ ልምምድ ላይም ልጆቹን እርስ በርስ አያጋጭም ነበር። ስልሳ ዓመት የቆየው ሰው ሳያደቅ ነው፣ እኔ እንደሚመስለኝ። አንቺ ገና ሁለተኛ ዓመትሽ ነው።

ሰኞ አትሌቲክ ዳይሬክተሩ ቢሮ ግቢ። ወይ ሁለተኛ ሾፌር፣ ወይ የሞቴል ገንዘብ በይው። በኢሜይል አይደለም፣ ፊት ለፊት። እምቢ ካለሽ በኔ ካርድ ክፈይ፤ ቁጥሩ አለሽ። አታፍሪ። ለልጆቹ ወላጆች አንቺ ነሽ ያለሽው፣ ዳይሬክተሩ አይደለም።

በረዶ ሳይጥል የራስሽን መኪና ጎማ ቀይሪ፤ ባለፈው ሳየው ተልጦ ነበር። እናትሽ በሶና ቆሎ ልካለች። በሶውን ጠዋት ጠዋት ጠጪ፣ በቡና ብቻ አትዋይ።

የፊታችን ቅዳሜ ሞቴል ስትገቢ ደውይልኝ። ስልኩን ትራሴ ስር አደርገዋለሁ።

አባትሽ