ልጄ፣ ሲከብድህ ሰው ጥራ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጊደር ረግጣህ ግራ እጅህ ማበጡን ከእህትህ ሰማሁ። አንተማ በስልክ «ሁሉ ሰላም ነው» ብለኸኝ ነበር። ለአሠሪህም አልተናገርክም አሉ። ነገ ሳትውል ራጅ ተነሣ። ጣትህ ከደነዘዘ ወይም አልታጠፍ ካለህ ደግሞ ነገንም አትጠብቅ።

ከብት እርባታው ከገባህ ወዲህ «ዘ ራንች» የሚባለውን አስቂኝ የአሜሪካ የቴሌቪዥን ድራማ ደጋግመህ እያየህ፣ ባርኔጣውንም አነጋገሩንም ከአርቢው አባት ከቦ ቤኔት እየቀዳህ ነው አለችኝ። ድራማውን አልጠላውም። በፈረንጆቹ ከ2016 እስከ 2020 በወጡት 80 ክፍሎች ውስጥ ልክ ያደረገው ብዙ ነው፤ የዝናቡ እጦት፣ የባንኩ ዕዳ፣ የከብት ዋጋ ሲወርድ ወጥ ቤት ውስጥ የሚነሣው ጠብ፣ መሬቱን ሊጠቀልል የሚያደባው ትልቅ ኩባንያ። ታሪኩ የሚካሄድባት የአሜሪካዋ ኮሎራዶ አርቢ ዓመቱን ሙሉ ለፍቶ ደህና ገንዘብ የሚያየው ጥጃ ሲሸጥ ብቻ ነው። ይህን አላጋነኑትም።

ነገር ግን አስተውለህ እይ። አብዛኛው ታሪክ ወጥ ቤት፣ በረንዳና የማጊ መጠጥ ቤት ውስጥ ያልቃል። የተቀረጸው ካሊፎርኒያ፣ ስቱዲዮ ውስጥ፣ ተመልካች ፊት ነው። ሥራው ከዓይናችን ርቆ ይሠራና ሰዎቹ ቢራ ይዘው ብቅ ይላሉ። ቦ ልጆቹን መውደዱ የሚታወቀው በስድቡ ነው፤ ሲሰድባቸው ሳቅ ይነሣል፣ የተሰደበው ልጅ ምን እንደተሰማው ሳቁ ይሸፍነዋል። ቦን የሚጫወተው ሳም ኤሊየት ድንቅ ተዋናይ ስለሆነ ዝምታው ጥንካሬ ይመስላል። አይደለም። የቦን ትልቅ ልጅ ሩስተርን አስበው። ታናሹ ኮልት ኳስ ሲያሳድድ አባቱ ሥር ቀርቶ ቤቱን ያቆመ እርሱ ነው። ኒክ የሚባል ጠበኛ መሣሪያ ይዞ «ከዚህ ከተማ ጥፋ» ሲለው ለአባቱም ለወንድሙም ትንፍሽ አላለም። መጨረሻው ሞተር ሳይክሉ ገደል ሥር መገኘት ሆነ። ኮልትም ነገር እየደበቀ ነው ከሚስቱ ከአቢ ጋር እስከ መለያየት የደረሰው።

ልጄ፣ ሲከብድህ ሰው ጥራ።

አያትህም «ሆድ ይፍጀው» ባይ ነበር። ሽንቱ ደም መቀላቀሉን ለማንም ሳይናገር አንድ ክረምት ሙሉ ከረመ። ሴት አያትህ ያወቀችው ልብሱን ስታጥብ ነው፤ ሐኪም ዘንድ ሲደርስ ጊዜው አልፏል። ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ «ወንድ ነበር፣ ሳያቃስት ሞተ» እያለ ያመሰግነው ነበር። ያ ምስጋና እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ቢያቃስት ኖሮ ምን ነበረበት?

አንተ ባለህበት አገር በእርሻና በከብት እርባታ የተሰማሩ ወንዶች ራሳቸውን የሚያጠፉበት መጠን ከሌላው ሠራተኛ ከፍ ያለ ነው። ዕዳው፣ ብቸኝነቱና እጅ ሥር ያለው ጠመንጃ ይገናኛሉ። የከፋ ሐሳብ ከመጣብህ በየትኛውም ሰዓት ወደ 988፣ ራሱን ሊያጠፋ ላሰበ ሰው ወደተዘጋጀው የእርዳታ ስልክ ደውል፤ ከዚያ እኔ ዘንድ ደውል። የኔ ጌታ፣ ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሰኝ አልቆጣም።

የከብቶቹ ምጥ ላይም ሕጉ ያው ነው። ጊደሮቹን ሌሊት በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ዞረህ እይ። የሽርት ውሃው ከታየ በኋላ ጊደር በአንድ ሰዓት፣ የወለደች ላም በግማሽ ሰዓት ውስጥ ለውጥ ካላሳየች ረጅሙን ጓንት አጥልቀህ፣ ማለስለሻ ሳትቆጥብ ዳስስ። ሁለቱ የፊት እግሮች ሰኮናቸው ቁልቁል ሆኖ አፍንጫው ከላያቸው ከተጋደመ ደግ ነው። የሰኮናው ውስጥ ወደ ሰማይ ካየ የኋላ እግር ሊሆን ስለሚችል ቋንጃውን ፈልግ። ጅራት ብቻ ከነካህ፣ ወይም አንገቱ ወደ ኋላ ከታጠፈ፣ አትጎትት፤ ሰው ጥራ።

ሰንሰለቱን ከቁርጭምጭሚቱ በላይ በሸምቀቆ፣ ከበታቹ ደግሞ ሌላ ዙር አድርገህ እሰረው። ጉልበቱ አንድ ቦታ ላይ ካረፈ አጥንት ይሰብራል። ስታምጥ ሳብ፣ ስታርፍ እረፍ፤ እግሮቹንም በተራ በተራ ሳብ። የሁለት ሰው ጉልበት ያላወጣውን በመጎተቻው ማሽን አወጣለሁ አትበል፤ ማሽኑ ከሁለት ሰው ብዙ እጥፍ ስለሚስብ የጥጃውን እግር ይሰብራል፣ የእናቲቱንም ነርቭ ይጎዳና መነሣት ያቅታታል። ግማሽ ሰዓት ታግለህ ፈቀቅ ካላለ ሐኪም ይጠራ። ባለቤቱ ሊቆጣ ይችላል፤ ይቆጣ። ሰው ጥራ።

ጥጃው ወጥቶ ካልተነፈሰ በእግሩ አትስቀለው። በደረቱ አስተኝተህ አፍንጫውን በገለባ ኮርኩረው። እትብቱን አዮዲን ውስጥ ንከረው። እንገሩን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ይጥባ፤ ካልጠባ አልባና በጡጦ ስጠው፣ 40 ኪሎ ለሚመዝን ጥጃ 4 ሊትር ያህል። በቆየ ቁጥር አንጀቱ የሚቀበለው ይቀንሳል፤ በ24 ሰዓት ይዘጋል። በብርድ ደንዝዞ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ በታች ከወረደ 38 ዲግሪ ግድም በሆነ ውሃ ዘፍዝፈህ፣ አሙቀህ፣ ፀጉሩ እስኪደርቅ እሸው።

በእንደዚህ ያለ ሌሊት ቢራ አትቅመስ። በቴሌቪዥን ቤኔቶች ሲጠጡ ያመሻሉ፤ በመጠጥ የደነዘዘ እጅ ማህፀን ይቀድዳል። ሥራው ሲያልቅ ከሰዎቹ ጋር ብትቀመጥ አልከለክልህም፤ ባርኔጣውም ያምርብሃል፣ ፎቶውን አይቼ ደስ ብሎኛል።

አንድ ነገር ግን አደራ። እህትህ ነፍሰ ጡር ናት። የእንግዴ ልጅና የምጥ ውሃ የነካ ልብስና ቦት ጫማ ይዘህ ቤቷ አትግባ፤ ፅንስ የሚያስወርድ በሽታ ይተላለፋል። እዚያው ታጠብ፣ ልብስህን ቀይር፣ ቦቱን ከብት ቤት ተወው። የራጁንም ውጤት ለእርሷ ላክላት፤ እኔ ከእርሷ እሰማለሁ።

እናትህ