ከጠፋሁበት ልመለስ

አብሮ አደጌ እንዴት ነህ? ልጆቹስ? ሦስት ዓመት ጠፍቼ ዛሬ ብቅ ስል ምን እንደምትለኝ አውቃለሁ፣ ስደበኝ ይገባኛል። ስልክህን እያየሁ የማላነሳው ለቤቱ ዳውን ፔይመንት (ቅድሚያ ክፍያ) ባበደርከኝ በዛች 5 ሺህ ዶላር ምክንያት ነው፣ ሀፍረት ይዞኝ እንጂ ሌላ ምንም የለም። አሁን ግን አንተ ሚኒሶታ ቤት ልትገዛ እንደሆነ፣ ጭራሽ ኦፈርህ (ያቀረብከው ዋጋ) እንዲመረጥልህ ኢንስፔክሽኑን፣ ከመግዛት በፊት ቤቱን በባለሙያ ማስመርመሩን፣ ልትተወው እንዳሰብክ እህትህ ስትነግረኝ አላስችለኝ አለ።

ብርህን የበላው ቤዝመንቱ (ምድር ቤቱ) ነው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለውን ቤቴን በፎቶ አይተኸዋል፣ በ1950ዎቹ የተሠራ፣ መሠረቱ ብሎኬት። ልናየው ስንሄድ ቤዝመንቱ አዲስ ቀለም ቀለም ይሸታል፣ ሦስቱ ግድግዳ ባዶ ብሎኬት ሆኖ አንዱ ብቻ ጂፕሰም ለብሷል፣ እሱም ላይ ካርቶን እስከ ጣሪያ ተቆልሎበታል። ባለቤቴ "ለምን አንዱን ብቻ?" ስትል እኔ ኩሽናው አማሎኝ "ባክሽ ተይው" አልኳት (እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች)። ኢንስፔክተሩ 500 ዶላር ተቀብሎ ጣሪያውን አሸንዳውን ማሞቂያውን ሲያይ ዋለና እዛ ግድግዳ ጋ ሲደርስ "ዕቃ ስላለ ማየት አልተቻለም" ብሎ ጻፈ። ከ40 ገጽ ውስጥ አንዲት መስመር! ለካ እነሱ በዓይን የሚታየውን ነው የሚያዩት፣ የሰው ዕቃ አያነሱም፣ ግድግዳ አይከፍቱም።

በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ምንጣፉ ራሰ። ጂፕሰሙን ስገነጥለው ከጥግ እስከ ጥግ አግድም የተሰነጠቀ፣ እርሳስ የሚያስገባ ስንጥቅ፣ ግድግዳውም ሆዱን ገፍቷል። ከላይ በክር ብሎን አንጠልጥዬ ስለካው መሀሉ ሁለት ጣት ወጥቷል። አባትህ ትዝ አሉኝ፣ ግድግዳ መቅናቱን የሚያዩበትን ቱንቢያቸውን ሲጥሉ እያወዛወዝንባቸው "አትንኩ እናንተ ልጆች!" የሚሉን። እኔን ያበገነኝ ግን ስንጥቁ ጫፍ ላይ በእርሳስ የተጻፈው ነው፣ ጭረት አለ 2017 ይላል፣ አንድ ክንድ ያህል አልፎ ሌላ ጭረት፣ 2019። ሰው ቆሞ እየለካው ነበር እኮ!

ኢንጂነሩ ቀጥ ብሎ የወረደ ቀጭን ስንጥቅ ብዙ ጊዜ አያሰጋም፣ አግድም ሲሆን ግን ውሃ የጠገበ አፈር ከውጪ እየገፋው ነው አለኝ። ብረት ቆመለት፣ ሳምፕ ፓምፕ (ከወለሉ ስር የሚጠራቀመውን ውሃ ወደ ውጪ የሚገፋ) ገባ፣ የአሸንዳው መውረጃ ከቤቱ ራቀ፣ 19 ሺህ ዶላር።

ሜሪላንድ ውስጥ ሻጩ ከሁለት ወረቀት አንዱን ይመርጣል፣ ወይ የሚያውቀውን ይናገራል ወይ እንዳለ ነው የምሸጠው ብሎ ይፈርማል። የኛው ሁለተኛውን ነው የፈረመው። ሆኖም ተደብቆ ለጤና ወይ ለደህንነት የሚያሰጋ ጉድለት ካወቀ በዛኛውም መናገር አለበት፣ ጠበቃዬ በዚህ ነው የያዘው። ሰውዬው ጭረቱን አላየሁም ብሎ ድርቅ አለ፣ በመጨረሻ 6 ሺህ ከፍሎ ተስማማን፣ ግማሹን ጠበቃው ወሰደው።

የናንተ ስቴት ወረቀቱ ሌላ ይሆናል፣ ግን ኢንስፔክሽኑን እንዳትተው በናትህ። ካርቶን ከተቆለለ ይነሳልኝ በል፣ ካላነሱ ውጣ። ዛሬ ጠዋት 500 ዶላር በዜል (በባንክ መላኪያው) ልኬልሃለሁ፣ ቀሪውን በየወሩ። ደግሞ ያ የአባትህ ቱንቢ አንተ ጋ ነው እህትህ ጋ? አንተ ጋ ከሆነ ቅዳሜ ቤቱን ስታይ ኪስህ ክተተውና ቤዝመንት ስትደርስ ደውልልኝ፣ አነሳለሁ።