ጥምቀተ ባሕሩ እስኪሞላ

ውድ ሰናይት፣

እንዴት ከረምሽ? እናታችንስ ደህና ናቸው? ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም አልኩሽ። ምክንያቱን ሳታውቂው አትቀሪም። የድባቴ መድኃኒቱን አሚትሪፕቲሊንን በጀመርሽ በ10ኛው ቀን «ምንም አልለወጠሽም፣ ጭራሽ አፍሽን አደረቀው፣ ተይው» ያልኩሽ እኔ ነኝ። አንቺም አምነሽኝ ተውሽው። ከዚያ ወዲያ ስንት ወር ከቤት ሳትወጪ እንደተኛሽ ስሰማ፣ ደውዬ ልጠይቅሽ እንኳ አፈርኩ።

አሁን እዚሁ ጎንደር ፋርማሲ እየተማርኩ ነው። የድባቴ መድኃኒቶች ጋ ስንደርስ አንቺ ትዝ አልሽኝ። ስሞቹ ግን አልያዝ አሉኝ። ኢሚፕራሚንንና ሲታሎፕራምን፣ ሁለቱም ውስጥ «ፕራ» ስላለ ብቻ፣ አንድ ወገን አደረግኳቸው። ተሳስቼ ነበር። ኢሚፕራሚን በፈረንጆቹ 1950ዎቹ የመጣ፣ የአሚትሪፕቲሊን ዘመድ ነው። ሲታሎፕራም ከእነ ፍሎክሰቲን ጋር ነው።

በመጨረሻ ከተማችን ደረሰችልኝ። እያንዳንዱን መድኃኒት ልጅ ሆነን የረገጥነው ቦታ ላይ አስቀመጥኩት። ፍሎክሰቲን ፋሲል ግንብ ነው ያለው። የሁለቱም ስም በ«ፈ» ቤት ይጀምራል። ግንቡ እንደቆመ ስንት ዘመን ኖረ! ፍሎክሰቲንም ካቆሙት በኋላ ከሰውነት ጨርሶ እስኪወጣ ሳምንታት ይፈጅበታል።

አሚትሪፕቲሊንን ግን ጥምቀተ ባሕሩ ውስጥ አኖርኩት። ጥምቀት ካልደረሰ ደረቅ አይደል? ያ የአፍሽ መድረቅ ነው። ለበዓሉ የቀሃ ወንዝ ውኃ ይገባበታል፤ በአንድ ቀን ግን አይሞላም። የት ደረሰ እያልን ስንቴ ተመላልሰናል! መድኃኒቱም እንደዚያው ነው። አፍ የሚደርቀው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። ስሜት የሚቃናው ግን ከ2 እስከ 4 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቆይቶ ነው። በ10ኛው ቀን ወለሉ ገና እየራሰ ነበር፣ ሰናይት።

ማታ ደብተሬን ዘግቼ በሐሳቤ ከግንቡ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ እወርዳለሁ። እንደ አብነት ተማሪ ድምፄን አውጥቼ በቃሌ እለዋለሁ። የጠፋኝን ብቻ ገልጬ አያለሁ። በማግስቱ፣ ከዚያ በሦስተኛው ቀን፣ ከዚያ በሳምንቱ እደግመዋለሁ። ዝም ብሎ ደጋግሞ ከማንበብ በጣም ይሻላል።

ይቅርታ አድርጊልኝ። አሁን መድኃኒት እየወሰድሽ ከሆነ እንደ ያኔው በድንገት እንዳታቆሚ። ማቆም ካሰብሽም ከሐኪምሽ ጋር ተነጋግረሽ፣ ቀስ በቀስ ይሁን።

ለመመለስ ካልሆነልሽ አልቀየምም። ስልኬ አልተቀየረም። ማታ ማታ አምሽቼ ነው የማጠናው፤ በፈለግሽው ሰዓት ደውዪ።

እህትሽ