ምዕራፍ 18 የት ገባ? ለመጽሐፍ ሻጩ ድርጅት የተጻፈ ቅሬታ

ለ፦ መጽሐፍ ለሸጣችሁልን ድርጅት፣ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ጉዳዩ፦ «ኦሪጅናል» ተብለው ስለተሸጡልን 10 ጎደሎ መጻሕፍት

ጤና ይስጥልኝ።

አዳማ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚገናኝ የተማሪዎች የንባብ ቡድን አስተባብራለሁ። ልጆቹ ዘጠኝ ናቸው፣ የ9ኛ እና የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች። ባለፈው ወር ከቴሌግራም ቻናላችሁ የሱዛን ኮሊንስን «ዘ ሃንገር ጌምስ» 10 ቅጂ አዘዝን። ዘጠኙ ለልጆቹ፣ አንዱ ለእኔ። ማስታወቂያችሁ «ኦሪጅናል» ይላል። አንዱን በ900 ብር ሂሳብ፣ በጠቅላላው 9,000 ብር ቀድመን በባንክ አስገባን። ብሩ የተዋጣው ከወላጆች ነው። እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ አንዲት እናት የልጇን ድርሻ በሁለት ጊዜ ነው የከፈለችው።

የመጣልን ፎቶ ኮፒ ነው። ሽፋኑ ያብረቀርቃል፤ ከሩቅ ሲያዩት ያምራል። ሲገልጡት ግን ወረቀቱ ከመሳሳቱ የተነሳ የጀርባው ጽሑፍ ወደ ፊት ይታያል። በጥራዙ በኩል ያሉት ፊደሎች ሙጫው ውስጥ ገብተዋል። እነሱን ለማንበብ መጽሐፉን በሁለት እጅ መለጠጥ ያስፈልጋል፤ ሲለጠጥ ደግሞ ገጹ ይነቀላል። በሦስቱ ላይ ምዕራፍ 5 ሁለት ጊዜ ታትሟል። ይህን ሁሉ ችለን ነበር። ልጆቹ የተነቀለውን በፕላስተር እየለጠፉ ማንበባቸውን ቀጠሉ። ሳልፈትሽ ማከፋፈሌ የእኔ ጥፋት ነው፣ እቀበላለሁ።

ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ግን ምዕራፍ 17ን ጨርሰን ስንገልጥ ያገኘነው ምዕራፍ 19ን ነው። 18 የለም። አሥሩንም ጠረጴዛ ላይ ደርድረን አየን። በአንዱም ላይ የለም።

ስደውል ስልኩን ያነሳው ሠራተኛችሁ «አንድ ምዕራፍ ቢጎድል ታሪኩ አይጠፋችሁም፤ ካልሆነ ፊልሙን እዩት» አለኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በዚህ ምክንያት ነው። ምን እንደጎደለ ልንገራችሁ።

ታሪኩ የሚካሄደው ወደፊት፣ ሰሜን አሜሪካ ከፈራረሰች በኋላ በተነሳች ፓነም በምትባል አገር ነው። ካፒቶል የምትባል የጠገበች መዲና አለች፤ የሚገብሩላት 12 ዲስትሪክቶች አሉ። በየዓመቱ ከየዲስትሪክቱ፣ ከ12 እስከ 18 ዓመት ካሉት መካከል አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ በዕጣ ይወሰዳሉ። 24ቱ ልጆች አንድ እስኪቀር ይገዳደላሉ። ሕዝቡ በቴሌቪዥን እንዲያይ ይገደዳል። ዕጣውም ቢሆን ለሁሉም እኩል አይደለም። የተራበ ልጅ ስሙን ተጨማሪ ጊዜ ካስገባ፣ ለአንድ ሰው ለዓመት የሚሆን ጥቂት እህልና ዘይት ይሰጠዋል። ባለታሪኳ ካትኒስ ገና በ16 ዓመቷ ስሟ 20 ጊዜ ገብቷል። እዚህ ላይ ስንደርስ አንዱ ልጅ «ታዲያ ይሄ ምኑ ዕጣ ነው? ድሃ ነው የሚለቀመው» አለ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ሸማቾች ማኅበር በር ላይ ለዘይት ተሰልፈው የሚያውቁ ልጆች ስለሆኑ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

መጽሐፉን ስመርጥ ወላጆች ጠይቀውኝ ነበር። አንዲት እናት «የኔ ልጅ፣ ልጅ ልጅን የሚገድልበት መጽሐፍ ለምን ታስነብቢያቸዋለሽ?» አሉኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ለደራሲዋ ሐሳቡ የመጣላት አንድ ምሽት የቴሌቪዥን ቻናል ስትቀያይር እንደሆነ ነገርኳቸው። በአንዱ ቻናል ወጣቶች በሪያሊቲ ሾው ይወዳደራሉ፣ በሌላው የኢራቅ ጦርነት ይታያል። ሁለቱ ተደባለቁባት። ይህም አላረካቸውም። «እትዬ፣ መሀሉ ላይ እስኪደርሱ ይታገሡኝ፤ ያኔ ልጅዎን ይጠይቁ» አልኳቸው። በልቤ ያሰብኩት ምዕራፍ 18ን ነበር።

ሩ የምትባል የ12 ዓመት ልጅ አለች። ከዲስትሪክት 11 ናት፣ ከእርሻው አገር። ለስድስት ልጆች የመጀመሪያ ናት። ካትኒስ ስታያት ታናሽ እህቷ ትዝ ትላታለች። መገዳደል ሲጠበቅባቸው ሁለቱ ይተጋገዛሉ፣ ምግብ ይካፈላሉ። ምዕራፍ 17 የሚያልቀው ሩ መረብ ውስጥ ተይዛ፣ ካትኒስ ልትደርስላት ስትሮጥ፣ ሩን ጦር ሲወጋት ነው። ቀጥሎ በእናንተ ቅጂ ላይ ካትኒስ በእጇ አፏን ይዛ እናገኛታለን። ለምን እንደያዘች አይታወቅም። የሩ ነገር እዚያው ቀረ።

በጎደለው ምዕራፍ ውስጥ ሩ «ዝፈኚልኝ» ትላታለች። ካትኒስ ጭንቅላቷን ጭኗ ላይ አድርጋ እስክታርፍ ድረስ ትዘፍንላታለች። ከዚያ የዱር አበባ ለቅማ ቁስሏን ትሸፍናለች፣ ፊቷን ታስጌጣለች፣ ፀጉሯ ላይ ትሰካላታለች። ካሜራው እንዲያይ ነው፤ ሩ የሰው ልጅ እንደነበረች እንዲያውቁ። ትንሽ ቆይቶ ከሰማይ በፓራሹት ዳቦ ይወርድላታል። የላኩት የዲስትሪክት 11 ሰዎች ናቸው። የሚበሉት የሌላቸው ሰዎች ከሌላቸው ላይ አዋጥተው ለሰው አገር ልጅ ዳቦ ላኩ። በዚያው ምዕራፍ መጨረሻ የጨዋታው ሕግ ይቀየራል፤ ከአንድ ዲስትሪክት የመጡ ሁለት ልጆች አብረው ማሸነፍ ይችላሉ ይባላል። ካትኒስ ከእሷው ዲስትሪክት አብሯት የመጣውን ልጅ፣ የፒታን ስም ሳታስበው ጮክ ብላ ትጠራለች። አፏን የያዘችው ለዚህ ነው።

ፊልሙንም አይቸዋለሁ፤ በ2012 የወጣውን። እዚያ ውስጥ ዳቦው የለም። በምትኩ ዲስትሪክት 11 ውስጥ አመፅ ሲነሳ ያሳያል። ስለዚህ ሠራተኛችሁ እንዳለው ፊልሙን ብናይ እንኳ ያጣነውን አናገኘውም።

ያን ቀን አንዷ ተማሪ ገጹን ወደፊትና ወደኋላ እያገላበጠች «ቲቸር፣ ሩ አልተለቀሰላትም?» አለችኝ። ሌላው «ደራሲዋ ረስታት ነው» አለ። ይህ ነው ያመመኝ። አንዲት ልጅ ተገድላ ማንም ሳያዝንላት የሚታለፍበት መጽሐፍ ነው የሸጣችሁልን። ወላጆች የፈሩትም ልክ እንዲህ ዓይነቱን ነበር።

ዩኒቨርሲቲ እያለሁ አንብቤው ስለነበር የማስታውሰውን ተረኩላቸው። ዳቦው ጋ ስደርስ ያችው ልጅ «ለቅሶ ቤት እንደሚወሰደው ነዋ!» አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ይህን ራሷ አንብባ ልትደርስበት ይገባ ነበር እንጂ ከእኔ አፍ ልትሰማው አይገባም።

ኮፒ መጽሐፍ በመኖሩ አይደለም የተቆጣሁት። ከውጭ የሚመጣ መጽሐፍ ዋጋው እንደማይቀመስ አውቃለሁ፤ እኔም ተማሪ ሆኜ ኮፒ አንብቤያለሁ። ኮፒን ኮፒ ብሎ የሚሸጥ ሰው ግን አላታለለኝም። እናንተ ግን «ኦሪጅናል» ብላችሁ፣ በኦሪጅናል ዋጋ ነው የሸጣችሁት። ልጆቹ የከፈሉት ብር ለደራሲዋም የሚደርስ መስሏቸው ነበር። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ገዢ ስለሚገዛው ዕቃ ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996ም አለ። ወደዚያ መሄድ አልፈልግም፤ ጊዜዬን ለልጆቹ ባውለው ይሻለኛል።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ወይ 10 ሙሉ፣ እውነተኛ ኦሪጅናል መጽሐፍ ላኩልን፣ ወይ 9,000 ብራችንን መልሱ። ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ በ10 ቀን ውስጥ ይሁን። «ኦሪጅናል» የሚለውን ማስታወቂያ ከቻናላችሁ አንሱ። ከዚሁ ኅትመት የገዙ ሌሎች ሰዎች ካሉም ደውሉና ምዕራፍ 18 እንደሌለው ንገሯቸው፤ ብዙዎቹ መጽሐፉ እንዲሁ የተጻፈ ይመስላቸዋል።

የባንክ ደረሰኙን፣ የማስታወቂያችሁን ስክሪንሾትና የአሥሩንም ቅጂ ፎቶ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። መጻሕፍቱ እኔ ጋ ናቸው፣ ሞተረኛችሁ በፈለገ ጊዜ መጥቶ ሊወስዳቸው ይችላል። ልጆቹ ምዕራፍ 19ን ላለመጀመር ተስማምተዋል። ቅዳሜ 8 ሰዓት ላይ እንገናኛለን፤ እስከዚያ መልሳችሁን እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የቅዳሜ የንባብ ቡድን አስተባባሪ፣ አዳማ