የጎልማሶች ትምህርት በይዞታ ደብተር ይጀመር

ለአዘጋጁ፦

በጎጃም ገጠር ሴቶችና ወጣቶች የጎልማሶች ትምህርትን የሚያቋርጡት በፍላጎት ማጣት ነው የሚባለው ምክንያት አያሳምንም። ትምህርቱ መስከረም ተከፍቶ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ የጤፍ አጨዳና ውቂያ ሲደርስ ወንበሩ ባዶ ይቀራል። መስኖ በሌለበት ቀበሌ ፋታ የሚገኘው ከጥር አጋማሽ ወዲህ ነው።

ከዚህ የሚብሰው የሚነበበው ነገር ነው። ከሀ እስከ ፐ የቆጠረች ሴት ሣጥኗ ውስጥ ያለውን የመሬት ይዞታ ደብተር ማንበብ ካልቻለች ፊደሉ ምን ረባት? ደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ፣ የማሳው ስፋት በሄክታር፣ የአዋሳኞች ስም ሰፍሯል። 0.25 ሄክታር በአካባቢው የመሬት መለኪያ አንድ ቃዳ ያህል መሆኑን የምታውቅ ሴት፣ ማሳዋን ስታከራይ የውሉን ቁጥር ከደብተሩ ጋር ታመሳክራለች፤ የማታውቀው ጣቷን ቀለም ነክራ ታትማለች።

ስለዚህ የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ከመሬት አስተዳደር ጋር ተነጋግረው፣ በምናባዊ ስምና ቁጥር የተሞላ የደብተር ቅጅ ለየትምህርት ጣቢያው 20 ያህል ያባዙ። የመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት ንባብና ስሌት በዚያ ይሰጥ፤ ምዝገባውም ከጥምቀት ማግስት ይጀመር።

አንድ አንባቢ፣ ከደብረ ማርቆስ